ባሕሩ ከመቆጠሩ በፊት

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ደቡባዊ ጫፍ ከተሰደሩት ደሴቶች አንዷ በሆነችው ኪ ዌስት፣ ዓሣ ማጥመድ ለጎብኚ የሚሸጥ መዝናኛ ከሆነ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ጎብኚው ከፍሎ በጀልባ ይወጣል፤ ሲመለስ የያዘው ዓሣ ወደቡ ላይ በቆመ ሰሌዳ ይሰቀላል፤ እሱም ከጎኑ ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል። ሎረን ማክሌናካን የተባሉ የባሕር ሥነ ምህዳር ተመራማሪ እነዚህን ፎቶግራፎች ሰብስበው ከ1956 እስከ 2007 ባለው ጊዜ በተርታ አስቀመጧቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያዎቹ ላይ የሚታዩት ከአጥማጁ ቁመት የሚስተካከሉ ግሩፐር የተባሉ ዓሦችና ግዙፍ ሻርኮች ናቸው፤ በመጨረሻዎቹ ላይ ያሉት በአንድ እጅ የሚነሡ ትንንሽ ስናፐሮች። በተመራማሪዋ ስሌት የአንድ ዓሣ አማካይ ክብደት ከ19.9 ኪሎ ወደ 2.3 ኪሎ፣ አማካይ ርዝመቱ ደግሞ ከ91.7 ሳንቲ ሜትር ወደ 42.4 ሳንቲ ሜትር ወርዷል። የጉዞው ዋጋ ግን አልወረደም፤ የጎብኚዎቹ ፈገግታም ያው ነው። በ2007 ፎቶ የተነሣው ሰው ተታለልኩ አይልም፤ በዚያው ወደብ ከሃምሳ ዓመት በፊት ምን ይሰቀል እንደነበር አያውቅምና።

ዳንኤል ፖሊ የተባሉት የዓሣ ሀብት ሊቅ ስለዚህ ዓይነቱ አለማወቅ በ1995 አንዲት ገጽ ጽፈው ነበር። የወቀሱት ጎብኚውን ሳይሆን የገዛ ሙያቸውን ሰዎች ነው። እያንዳንዱ የተመራማሪ ትውልድ ሥራ በጀመረበት ዓመት ያገኘውን የዓሣ ብዛት መነሻ አድርጎ ይይዛል፤ ጉድለቱንም የሚለካው ከዚያ ነው። ተተኪው ሲመጣ የጎደለውን ባሕር እንደ ሙሉ ቆጥሮ ይጀምራል። ሦስት አራት ትውልድ ሲያልፍ፣ ማንም በዕድሜው ከትንሽ ጉድለት በላይ ሳያይ ባሕሩ ሊራቆት ይችላል። ፖሊ የሰጡት ምክር ባልደረቦቻቸው እንደ ተራ ወሬ የሚያልፉትን የአጥማጅ ጨዋታና የመንገደኛ ማስታወሻ በማስረጃነት መጠቀምን እንዲማሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሜክሲኮ እስከ ፊጂ፣ ከሲሸልስ እስከ ቀይ ባሕር የደሴትና የጠረፍ ሰዎች ስለ ቀድሞው ባሕር የሚያስታውሱት ሲሰበሰብ ቆይቷል። በብዙ ቦታ ግን ይህ ሥራ ገንዘብ ከተረፈ የሚሠራ፣ ለባህል ክፍል የሚተው ደግ ነገር ተደርጎ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከዚያ ይከብዳል፦ ቆጠራ ዘግይቶ በጀመረበት ባሕር ሁሉ፣ ትዝታን ከማስረጃ መዝገብ ማስወጣት ራሱ ስሕተት ነው፤ ያውም ወደየት እንደሚያጋድል አስቀድሞ የሚታወቅ ስሕተት።

ነገሩ በደንብ የተጠናበት ቦታ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ነው። ይህ ባሕር በሜክሲኮ ዋና ምድርና በባሃ ካሊፎርኒያ ባሕረ ገብ መሬት መካከል የሚገኝ፣ በደሴቶች የተሞላ ውሃ ነው። አንድሬያ ሳየንዝ አሮዮና ባልደረቦቻቸው በ2005 ባወጡት ጥናት 108 አጥማጆችን በሦስት የዕድሜ ክልል ከፍለው ጠየቁ፤ ወጣቶች፣ ጎልማሶችና 55 ዓመት የሞላቸው ሽማግሌዎች። ጥያቄዎቹ ቀላል ነበሩ፦ ድሮ በብዛት ይገኝ የነበረ፣ ዛሬ ግን የጠፋ የትኛው ዓሣ ነው? ድሮ ዓሣ ይታፈስባቸው የነበሩ፣ ዛሬ የነጠፉ ቦታዎችስ የትኞቹ ናቸው? ሽማግሌዎቹ ወጣቶቹ ከጠቀሱት አምስት እጥፍ የሚሆን የዓሣ ዓይነትና አራት እጥፍ የሚሆን ቦታ ቆጠሩ። በባሕረ ሰላጤው ስም የሚጠራውን ግዙፍ ግሩፐር በተመለከተ ደግሞ፣ በሕይወትህ ካሳለፍካቸው የሥራ ቀናት በበለጠው ቀን ስንት ያዝክ ተብለው ሲጠየቁ፣ ሽማግሌዎቹ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የያዙት ወጣቶቹ በ1990ዎቹ ከያዙት እስከ 25 እጥፍ የሚደርስ ሆኖ ተገኘ። ወጣቶቹ ግን በዚህ አያዝኑም ነበር። አብዛኞቹ ያ ዓሣ በዚያ ባሕር ሞልቶ እንደነበር፣ ከመንደራቸው ፊት ለፊት ያለው ጥልቀት የሌለው ውሃም ሲሳይ ይወጣበት እንደነበር አያውቁም። አባትና ልጅ በአንድ ጀልባ ላይ ተቀምጠው ስለ ሁለት የተለያዩ ባሕሮች ያወሩ ነበር ማለት ይቻላል።

ሌላው የዚያው ቡድን ሥራ ለሙግቴ ይበልጥ ይጠቅማል። ተመራማሪዎቹ የአጥማጆቹን ቃል፣ የድሮ ተፈጥሮ ተመልካቾችን ማስታወሻና በየመሥሪያ ቤቱ ተረስተው የቆዩ ዘገባዎችን አንድ ላይ ሲያዩ፣ ግዙፉ ግሩፐር የተመናመነው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሳይሆን እንዳልቀረ ደረሱበት። ይህም የመንግሥት የዓሣ ምርት ስታቲስቲክስ በዚያ አካባቢ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ነው። በመዝገብ ብቻ የሚሠራ ባለሙያ ምን እንደሚያይ አስቡ፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ግሩፐር ጥቂት ነው፣ በኋላም ጥቂት ነው፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ የሚያሳስብ ነገር የለም። ቁጥሩ አልዋሸም፤ የተሰበሰበውም በታማኝነት ነው። ግን ታሪኩ ካለቀ በኋላ ነው የጀመረው። እዚህ ላይ ትዝታን አልቀበልም የሚል ሰው ገለልተኛ የሆነ ይመስለዋል፤ ከመዝገቡ በፊት ስለነበረው ምንም አልልም ብሎ። እንደ እውነቱ ግን ብሏል። የጥበቃ ዕቅድ ሲወጣ፣ ስንት ዓሣ ቢኖር ይበቃል የሚለው ሲወሰን፣ አንድ መነሻ ቁጥር መቀመጡ አይቀርም፤ ሌላ ከሌለ የሚቀመጠው የመዝገቡ የመጀመሪያ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የጠፋው ሁሉ በዝምታ ዜሮ ይሆናል። ዜሮ ደግሞ ካሉት ግምቶች ሁሉ ከእውነት የራቀው ነው።

ቀዳሚው ተቃውሞ የታወቀ ነው፦ ሽማግሌ ያጋንናል፣ አጥማጅ ደግሞ ከሽማግሌም ይብሳል። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባም። ሰው የሚያስታውሰው የደራውን ቀን ነው፤ ባዶ እጁን የተመለሰባቸው መቶ ቀናት እርስ በርስ ተደባልቀው ይረሳሉ። ስለዚህ የአንድ ሽማግሌ ትዝታ ብቻውን የድሮውን ባሕር ከነበረው በላይ ማሳመሩ አይቀርም። ሆኖም ከላይ የጠቀስኩት ጥናት ያወዳደረው የሽማግሌውን ምርጥ ቀን ከወጣቱ ተራ ቀን ጋር አልነበረም፤ ምርጥን ከምርጥ ጋር ነው። ማጋነን የአጥማጅ ጠባይ ከሆነ ወጣቱም አጥማጅ ነው፤ እሱም ያጋንናል። እርግጥ ረጅም ዕድሜ የሠራ ሰው ብዙ ቀናት ስላሉት ከመካከላቸው የላቀ ቀን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ይህንን ከግምት ማስገባት ያስፈልጋል። ግን የሥራ ዘመን መርዘም ብቻውን 25 እጥፍ ልዩነት አያመጣም። ደግሞም ትዝታ የሚያጋድለው ወደ ማጋነን ብቻ አይደለም። ለውጡን በዓይኑ ያየ ሰው ራሱ፣ ቀስ በቀስ ስለሆነበት፣ ዛሬ የሚያየውን ሁልጊዜ የነበረ አድርጎ ሊይዝ ይችላል። ይህ ዓይነቱ የራስን ታሪክ መርሳት በጥናት ተለይቶ የታወቀ ነው፤ ውጤቱም ጉድለቱን ማሳነስ ነው።

ትዝታው ከእውነት ምን ያህል እንደሚርቅ መመዘኛ የሚሆኑ ቦታዎችም አሉ። ከሃዋይ ደሴቶች መካከል ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ዋናዎቹ ደሴቶች አሉ፤ ከእነርሱ ሰሜን ምዕራብ ደግሞ ሰው ሊኖርባቸው የማይመቹ፣ ብዙም ያልተጠመደባቸው ትንንሽ ደሴቶች። በ2002 የወጣ ንጽጽር እንዳሳየው፣ በሩቆቹ ደሴቶች ዙሪያ ካለው የዓሣ ክብደት 54 በመቶ ያህሉ ሻርክን የመሰሉ ትላልቅ አዳኝ ዓሦች ናቸው፤ በሰው ደሴቶች ዙሪያ 3 በመቶ ብቻ። ውሃው አንድ ውቅያኖስ ነው። አንድ ሽማግሌ በልጅነቴ ኮራሉ አጠገብ በሻርክና በትልልቅ ዓሣ ተከበን እንዋኝ ነበር ቢል፣ ተረት ከመሰለን ምክንያቱ እኛ ያየነው 3 በመቶውን ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ከካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ የምትገኘው ካቦ ፑልሞም ሌላ ምስክር ናት። በ1995 የባሕር ፓርክ ሆነች፤ ነዋሪዎቿም ማጥመድ አቆሙ። ከ1999 እስከ 2009 ባሉት አሥር ዓመታት የዓሣው አጠቃላይ ክብደት 463 በመቶ ጨመረ። ባሕሩ እንዲህ መሙላት የሚችል ከሆነ፣ ሞልቶ ነበር የሚሉት ሰዎች ቃል የማይሆን ነገር አይደለም።

በአገራችን የርስት ድንበር ክርክር ሲነሣ ካርታ ከሌለ የሚጠራው የድሮውን ድንበር የሚያውቅ ሽማግሌ ነው። ዳኛው ሽማግሌው ዘመድ እንዳለው፣ ዓይኑም እንደደከመ ያውቃል፤ ሆኖም ቃሉን አይጥልም። ከሌላ ምስክር ጋር ያስተያየዋል፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ዛፉንና ድንጋዩን ያያል፣ በምን እንደሚታመንና በምን እንደማይታመን ይለያል። ለባሕር ትዝታም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ መለየቱ ደግሞ ትዝታ የት ላይ እንደሚደክም በግልጽ መናገርን ይጠይቃል። የካሪቢያን ሞንክ ሲል የተባለው የባሕር አጥቢ እዚህ ላይ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። በ1494 የኮሎምበስ ሰዎች ስምንት እንደገደሉ የተመዘገበው ይህ እንስሳ ለዘይቱ ሲባል ለዘመናት ታድኖ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጠኝነት የታየው በ1952 በጃማይካና በኒካራጓ መካከል በሚገኝ የባሕር ወለል ከፍታ አካባቢ ነው። በ1998 የወጣ ጥናት ግን 93 የሄይቲና የጃማይካ አጥማጆች የእንስሳት ሥዕል እያዩ ሲጠየቁ 21 ያህሉ የሞንክ ሲልን ሥዕል አውቀነዋል ማለታቸውን ዘገበ፤ አብዛኞቹም በቅርብ ዓመታት አየነው አሉ። ተስፋው ብዙ አልቆየም። ቆይቶ እንደተረጋገጠው ከሩቅ ሰሜን አትላንቲክ መንገድ ስተው እስከ ካሪቢያን የሚወርዱ ሌላ ዓይነት ሲሎች አሉ። አጥማጆቹ አልዋሹም፤ ሲል አይተዋል፤ የትኛው ሲል እንደሆነ ግን በሥዕል መለየት አልቻሉም። ከዚህ የምንይዘው ነገር ትዝታ፣ ብርቅ የሆነ እንስሳ ዛሬ አለ ወይስ የለም ለሚለው ጥያቄ ደካማ፣ ድሮ የተለመደ ነገር መቼና የት ይገኝ ነበር ለሚለው ግን የጠነከረ መሆኑን ነው። አንድ ጊዜ በጨረፍታ የታየና ሃያ ዓመት ለቤት የተበላ ነገር በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ትዝታውና ቆጠራው በአንድ ጊዜ ሲኖሩስ ቢለያዩ? በሲሸልስ ደሴቶች ይህ ሆኗል። ቲም ዳውና ባልደረቦቻቸው በወጥመድ የሚያጠምዱ ሰዎች የሚሉትን፣ መንግሥት የሚመዘግበውን ምርትና ጠላቂዎች ውሃ ውስጥ የቆጠሩትን አመሳከሩ፤ ሦስቱ አልተስማሙም። አጥማጆቹ ባሕሩ እየነጠፈ ነው ሲሉ መዝገቡ ያን ያህል መቀነስ አላሳየም። ፈጥኖ መዝገቡ ትክክል፣ ሰዎቹ አጉረምራሚ ናቸው ማለት ይቀላል። ግን ሦስቱ የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም። መዝገቡ ወደ ወደብ የመጣውን ይቆጥራል፤ ጠላቂው በመረጣቸው ጥቂት ቦታዎች፣ በዚያች ሰዓት የሚያልፈውን ይቆጥራል፤ አጥማጁ ደግሞ ያንኑ ያህል ለማምጣት ዛሬ ስንት ነዳጅ እንደሚያቃጥል፣ ስንት ሰዓት እንደሚርቅ፣ የትኛውን ቦታ ትቶ ወደየትኛው እንደዞረ ያውቃል። ምርቱ ሳይቀንስ ድካሙ ሊጨምር ይችላል፤ አለመስማማቱ ራሱ ሌላ መረጃ ነው። ሦስቱን ሳያመዛዝን አንዱን ብቻ ይዞ የሄደ፣ ያ አንዱ መዝገቡም ቢሆን፣ ከግማሽ ያልበለጠ ታሪክ ይዟል።

ቁጥርም ተርጓሚ እንደሚፈልግ ከኤርትራ ጠረፍና ከዳህላክ ደሴቶች የበለጠ የሚያሳይ ቦታ ለእኛ አንባቢ አይገኝም። ዳህላክ ከጥንት ጀምሮ በዕንቁ ለቀማ የታወቀ፣ ሕዝቡ በባሕር የሚኖር ደሴት ነው። በ1950ዎቹ የኤርትራ የዓሣ ምርት በዓመት ወደ 25,000 ቶን ደርሶ ነበር፤ አብዛኛው ተደርቆ ለእንስሳት መኖና ለማዳበሪያ የሚሸጥ ትንንሽ ዓሣ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት መዝገቡ ቁልቁል ይወርዳል። ይህንን መስመር ከታሪኩ ነጥሎ ያየ ሰው ባሕሩ ተሟጠጠ ሊል ይችላል። ሆኖም በዚያ ጊዜ ጦርነት ነበር፣ የስዊዝ ቦይ ከ1967 ጀምሮ ለዓመታት ተዘግቶ ነበር፣ ገበያ ጠፍቶ ነበር፣ ሰዎችም ተሰደዋል። ከወደብ ዓሣ የጠፋው ጀልባ ስለቆመ ነው ወይስ ዓሣው ስለተመናመነ? ይህንን መዝገቡ አይመልስም፤ ሁሪና ሳምቡክ በተባሉት የአካባቢው ጀልባዎች ሲወጣ የኖረ ሰው ይመልሳል። ኤርትራዊው የዓሣ ሀብት ተመራማሪ ዳዊት ተስፋሚካኤል ከቶኒ ፒቸርና ከዳንኤል ፖሊ ጋር ሆነው ይህንን ጥያቄ ይዘው ወደ አጥማጆቹ ሄዱ። በኤርትራ፣ በሱዳንና በየመን ከ400 በላይ አጥማጆች ተጠየቁ፤ በሥራው ከሃምሳ ዓመት በላይ የቆዩ ነበሩባቸው። ሥራ በጀመሩበት ዘመን የያዙት ትልቁ ምን ያህል ነበር፣ የተለመደውስ፣ ዛሬስ? ከመልሶቹ የተገነባው የግማሽ ምዕተ ዓመት ተከታታይ መረጃ አንድ ጀልባ በአንድ ጉዞ የሚያገኘው እየቀነሰ መምጣቱን አሳየ። በሦስቱም አገሮች ጠረፍ ላይ እንዲህ ያለ ርዝመት ያለው መረጃ በሌላ መንገድ ማግኘት አይቻልም ነበር፤ የመንግሥታቱ ድንበርና የመዝገብ አያያዛቸው ሲቀያየር የኖረ ነውና።

ትዝታን የመሰብሰቡ ሥራ በዘፈቀደ የሚሠራ እንዳልሆነ ከአሠራሩ ይታያል። በአደባባይ ሰብስቦ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ግን በስብሰባ መካከል አንድ የተከበረ ሽማግሌ ከተናገረ በኋላ ሌላው ያንኑ ይደግማል። ስለዚህ ሰው በየብቻው ይጠየቃል። ዓመተ ምሕረት በቁጥር የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ጠያቂው ጊዜውን ሁሉም በሚያውቀው ነገር ላይ ያስራል፤ ታላቁ ማዕበል ከመጣበት በፊት ነው በኋላ? ሞተር ከመግዛትህ በፊት? የመጀመሪያ ልጅህ ሲወለድ? ከሥዕሎቹ መካከል በዚያ ባሕር ጨርሶ የሌለ እንስሳ ይደባለቃል፤ ያንን አየሁ ያለ ሰው ቃል በሌላውም ላይ በጥንቃቄ ይያዛል። ያጠምድበት የነበረው ቦታ በካርታ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ መረቡና መንጠቆው ምን ዓይነት እንደነበርም ይጠየቃል፤ መሣሪያው ሳይታወቅ ምርቱን ማወዳደር አይቻልምና። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሚወጣው ከዚህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። በፓሲፊክ ደሴቶች ጥቅጥቅ ባለ መንጋ ሆኖ ሌሊት ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚተኛ፣ ግንባሩ ያበጠ ግዙፍ ፓሮት ፊሽ አለ። በፊጂ የላው ደሴቶች ብርቅ ከሆነ በኋላ ቀድሞ የት የት ይያዝ እንደነበር የታወቀው ከደሴተኞቹ አፍ ነው። የውሃ ውስጥ ባትሪ በየደሴቱ ከገባ ወዲህ ይህን የተኛ መንጋ በጦር መልቀም የአንድ ሌሊት ሥራ ሆነ። ሊወቀስ የሚገባ ጉድለትም በዚህ አሠራር ውስጥ አለ። ጠያቂዎች በአብዛኛው የሚያነጋግሩት በጀልባ የሚወጡትን ወንዶች ነው። በብዙ ደሴቶች ባሕሩ ሲሸሽ በእግራቸው ወርደው ኦክቶፐስ፣ ቀንድ አውጣና ሌላም የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው፤ በኮራሉና በሣሩ ላይ የሆነውን ከነርሱ የቀረበ የሚያውቅ የለም። እነርሱን ያልጠየቀ ጥናት ስለ ጠረፉ ምንም አልጠየቀም ብል ብዙ አላጋነንኩም።

እውቀቱ ካለ፣ ወላጅ ለልጅ እየነገረ ይቆያልና ለምን እንቸኩላለን የሚልም አለ። ያሉት ማስረጃዎች ይህን ተስፋ አይደግፉም። በቻይናው ያንግትሴ ወንዝ ይኖር የነበረው ባይጂ የተባለ ዶልፊን በ2006 በተደረገ ሰፊ ፍለጋ ሳይገኝ ቀረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሳሙኤል ተርቬይና ባልደረቦቻቸው በወንዙ ዳር ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎችን ሲጠይቁ፣ ከወጣቶቹ መካከል ባይጂንም ሆነ ግዙፉን የያንግትሴ ፓድልፊሽ ሰምተው የማያውቁ ብዙ ነበሩ። ሰው ስላላየው ነገር የሚነጋገርበት ምክንያት አያገኝም፤ ለዓይን የሚከብድ ትልቅ እንስሳ እንኳ በአንድ ትውልድ ከጨዋታ ይወጣል። በደቡብ ቻይና ጠረፍና በሃይናን ደሴት ዙሪያ ሣር ይግጥ የነበረው ዱጎንግ የተባለ የባሕር ላም በ1988 በከፍተኛው ደረጃ በሕግ ተጠብቆ ነበር። በ2019 በ66 የአጥማጅ መንደሮች 788 ሰዎች ሲጠየቁ ባለፉት አምስት ዓመታት አየሁ ያሉት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ የመጨረሻው እይታ አማካይ ጊዜ በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ወደቀ። ሕጉ ሥራ ላይ በነበረባቸው ዓመታት ሁሉ እንስሳው እየጠፋ ነበር፤ የጠፋበትንም ጊዜ የሚያውቅ ከአጥማጆቹ በቀር አልነበረም። ጥያቄው በ1990 ተጠይቆ ቢሆን መልሱ ለመጠበቂያ ይሆን ነበር፤ በ2022 ሲታተም ግን ዱጎንግ በቻይና ውሃ ጠፍቷል የሚል መርዶ ሆኖ ወጣ።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሚመጣው ከአጥማጆቹ ራሳቸው ነው። እዚህ ቦታ ድሮ ዓሣ ሞልቶ ነበር፣ በዚህ ወር ለመራባት ይሰበሰባል ብዬ ብነግራችሁ፣ ነገ ቦታውን ትዘጉብኛላችሁ፤ ካልዘጋችሁም ካርታው በትልቅ መርከብ ባለቤት እጅ ይገባል። ይህ ስጋት መሠረት አለው። ግሩፐር ለመራባት የሚሰበሰብበትን ቦታና ጊዜ የሚያውቅ ሰው በጥቂት ቀናት ሁሉንም ሊያፍስ ይችላል፤ የእውቀቱ ዋጋም ጉዳቱም እዚያው ነው። ስለዚህ የተሰበሰበው ቃል የማን ንብረት እንደሆነ አስቀድሞ መስማማት፣ የቦታ ዝርዝር ለሕዝብ በሚወጣ ጽሑፍ ውስጥ አለማስገባት፣ ቅጂውንም ለመንደሩ መተው የሥራው አካል ነው። ይህ ሲቀር አጥማጁ ዝም ይላል፤ ወይም ጠያቂው ሊሰማ የሚፈልገውን ይነግረዋል፤ የሁለተኛው ጉዳት ይብሳል። በሌላ በኩል ካቦ ፑልሞ የተጠበቀችው ነዋሪዎቿ ራሳቸው ስለወሰኑ ነው። ባሕሩ ምን ይይዝ እንደነበር የሚያውቅ መንደር፣ ለምን እንደሚታገሥ ያውቃል፤ የማያውቅ ግን ክልከላውን ከላይ የወረደ ቅጣት አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም።

ባሕር ባይኖረንም ይህ ጥያቄ ለእኛም በቀጥታ ይደርሰናል። በጣና ሐይቅ በሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ትላልቆቹ ባርበሶች በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ በዝተው መገኘታቸው ለሳይንስ ብርቅ ነው። በ1986 ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገቡ። በ1991 እና በ2001 የተመዘገበውን ምርት ያወዳደሩ ተመራማሪዎች የእነዚህ ዓሦች ምርት በክብደት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይተዋል። ትልቅ ቁጥር ነው፤ ግን የሚነሣው ዘመናዊው መረብ ከገባ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በደንገል ታንኳ ሲወጡ የነበሩት ወይጦዎችና የደሴቶቹ ነዋሪዎች፣ ዓሣው ለመራባት ወደ የትኛው ገባር ወንዝ በየትኛው ወር ይወጣ እንደነበር፣ መጠኑ ምን ያህል እንደነበር፣ ጉማሬ የት የት ይውል እንደነበር ያውቃሉ። በ1986 የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ታንኳ ቀዛፊ ዛሬ ወደ 60 ተጠግቷል፤ አስተማሪው የነበረው አባቱ ካለ ከ80 በላይ ነው። ከካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የተወሰዱት ሦስት የዕድሜ ክልሎችና ጥቂት ቀላል ጥያቄዎች እዚህም ይሠራሉ፤ ለመጀመር መርከብም ላቦራቶሪም አያስፈልግም፤ ከባሕር ዳርና ከጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የሚወጡ ተማሪዎች፣ መቅረጫና ካርታ ይበቃሉ።